የመናገሻ-ሱባ ደን፦ ማን ጠበቀው? ማንስ ይገባበታል?



 የዛሬው ንግግሬ ስለ ደን ሀብት በጠቅላላው አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በወጨጫ ተራራ ጥግ ተንተርሶ ስለሚገኘው ስለ መናገሻ-ሱባ ደን ብቻ ነው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በእግራቸው እንደ ሄዱበት አውቃለሁ። ያልሄዳችሁም ብትሆኑ ከከተማው ምዕራባዊ ዳርቻ ቆማችሁ ወደ ፀሐይ መግቢያ ስትመለከቱ የሚታያችሁ ያ ሰፊ ትከሻ ያለው ተራራ ወጨጫ ነው።

አስቀድሜ ሁለት ነገር ላስታውስ። አንደኛው፣ ዓመታትን ስጠቅስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ነው። ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በአምቦ መንገድ ዳር የሚታየውና የነገሥታት ሥርዓተ ንግሥ ይፈጸምበት እንደ ነበር የሚነገርለት የመናገሻ ጉብታ ሌላ ነው፤ ዛሬ የምናወራለት ደን ግን ከዚያ በስተ ደቡብ፣ በወጨጫ ምዕራባዊና ደቡብ ምዕራባዊ ገጽታ ላይ ያለው ነው። ወጨጫ በአምቦና በጅማ መንገዶች መካከል ስለ ተቀመጠ በሰበታ በኩልም በሆለታ በኩልም ወደ ደኑ መድረስ ይቻላል። ለመሄድ ተነሥተው በስሙ ምክንያት የተሳሳተውን ተራራ የወጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ እርግጥ ያም ቢሆን የሚያስቆጭ መንገድ አልነበረም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት በቋንቋችን ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም የምናወራው ስለ ደንና ስለ መዝናናት ነው፤ እነዚህ ሁለት ቃላት ደግሞ በአማርኛ ጎን ለጎን መቀመጥ የጀመሩት በቅርብ ጊዜ ነው። «ዱር» ስንል ምን ይታወሰናል? ዱር የጅብ ነው፤ የሽፍታ ነው፤ ዓለምን የናቀ ባሕታዊ ነው። የተበደለ ሰው ዱር ይገባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን አርበኞች «ዱር ቤቴ» ብለው ወጡ፤ ያንን ያሉት ዱር ቤት ስላልሆነ ነው፤ የቃሉ ኃይል ያለው እዚያ ላይ ነው። «ጫካ»ም ቢሆን በአብዛኛው ለአደጋና ለመሸሸግ የምንጠቀምበት ቃል ነው። «ደን» ግን የመንግሥት ቃል ሆኖ ቀረ፦ የደን ጥበቃ፣ የደን ልማት፣ ጥብቅ ደን። ከሦስቱ ቃላት በአንዱም ውስጥ ሰው በቅዳሜ ማለዳ ዳቦውንና ውሃውን ይዞ፣ ምንም ሳይቆርጥና ምንም ሳያድን፣ ሊያይ ብቻ የሚሄድበት ቦታ የለም። ይህን የምለው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። የደኑ ታሪክ በሙሉ የመግባትና ያለመግባት ታሪክ ስለሆነ ነው። ማን ሊገባ ይችላል? ምን ሊያደርግ? በማን ፈቃድ?

እንግዲህ ከተራራው እንጀምር። ወጨጫ ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ከፍተኛው ጫፉ ዳሞቻ ይባላል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,385 ሜትር ነው። ደኑ ከእርሻው የሚዋሰንበት የታችኛው ጠርዝ በ2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ብንል፣ ከግርጌ እስከ ጫፍ ከ1,000 ሜትር በላይ ልዩነት አለ። በየ100 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ ስድስት ዐሥረኛ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ ጠዋት ከታች ተነሥቶ እኩለ ቀን ላይ ጫፉ የደረሰ ሰው የስድስት ወይም የሰባት ዲግሪ ልዩነት አቋርጧል ማለት ነው። በሜዳ ላይ ይህን ያህል ልዩነት ለማግኘት የቀናት ጉዞ ያስፈልግ ነበር።

ዛፎቹም ይህንኑ ተከትለው ይለዋወጣሉ። ከታች ወይራ፣ ዝግባና ጽድ ተደባልቀው ይበቅላሉ፤ በሥራቸው አጋም፣ ቀጋ፣ ቀጨሞና አጣጥ አሉ። ወደ መካከለኛው ከፍታ ስንወጣ የጽዱ ገዥነት ይጎላል። ቁመታቸው አንገት የሚያስቀና፣ ግንዳቸው እንደ ገመድ የተገመደ፣ ከቅርንጫፎቻቸው «የዛፍ ሽበት» የምንለው ግራጫ ነገር የተንጠለጠለባቸው ጽዶች እዚህ ናቸው። ከዚያ በላይ ኮሶ ይመጣል። ኮሶ ወንዴና ሴቴው በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ ቀላ ብሎ የሚንዠረገገው የሴቴው አበባ ነው፤ አያቶቻችን ለትል የጠጡትም ይህንኑ ነው። ዛሬ ያንን መራራ መጠጥ የሚያስታውስ ወጣት ማግኘት ይከብዳል፤ ነገር ግን ለዘመናት የአገሩን ሰው ሆድ ያከመ ዛፍ ይህ ነው። በመጨረሻ ዛፉ ሁሉ ይጎብጥና አስታ፣ ቢጫ አበባ የሚያወጣው አምጃ፣ አልፎ አልፎም ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። ነፋሱ ከዚህ በላይ ረጅም ነገር አይፈቅድም።

አሁን ወደ ታሪኩ። ስለዚህ ደን የሚነገረው ትውፊት በአጭሩ እንዲህ ይላል፤ ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በወጨጫ ላይ የነበረው ደን ተመናምኖ ስላዩ፣ በሰሜን ሸዋ ከሚገኘው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉ። ከዚያም ዐፄ ምኒልክ በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ገደማ ደኑን በመንግሥት ጥበቃ ሥር አደረጉት። ብዙ ጸሐፊዎች ይህንን ይዘው መናገሻ-ሱባ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው ይላሉ።

ትውፊቱን አላጣጥልም። አንድ ንጉሥ በ15ኛው መቶ ዘመን ዛፍ አስተከለ የሚል ትዝታ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕዝብ የሚያስታውሰው የሚከብረውን ነውና። ነገር ግን ሁለቱን ነገሥታት እንደ ሁለት ምሰሶ አቁመን መካከሉን ባዶ ስንተወው እቸገራለሁ። ዘርዐ ያዕቆብ ያረፉት በ1468 ነው፤ አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1886። በመካከሉ ከ400 ዓመት በላይ አለ። በ1529 የኢማም አሕመድ ዘመቻ ሸዋን ካናወጠ በኋላ የኦሮሞ ሕዝብ እንቅስቃሴ ተከተለ፤ ቤተ መንግሥቱም ቀስ በቀስ ወደ ጣና ዙሪያ ሸሸ፤ በ1636 ደግሞ መናገሻውን በጎንደር አደረገ። የሸዋ ነገሥታት ኃይል ወደ ወጨጫ አካባቢ የተመለሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው። ለሦስት መቶ ዓመት ያህል በዚህ ተራራ ላይ የንጉሥ ጠባቂ አልነበረም፤ የንጉሥ ዐዋጅም አልተሰማም።

ደኑ ግን ነበረ። ምኒልክ ሲመጡ ያገኙት ደን ነው እንጂ ባዶ ተራራ አይደለም። እንግዲያው በነዚያ መቶ ዓመታት ማን ጠበቀው ብለን ብንጠይቅ፣ መልሱ በግርጌው ከብት ሲያረባና ሲያርስ ከኖረው ሕዝብ ውጭ ሊገኝ አይችልም። ያ ሕዝብ ጽድን ጋቲራ፣ ዝግባን ቢርቢርሳ፣ ወይራን ኤጀርሳ፣ ኮሶን ሄጦ ይላል። ስሞቹ በአገራችን ካርታ ላይ ተበትነው ይገኛሉ፤ ኤጀርሳ የሚል የቦታ ስም ስንት ነው! ዛሬ አንድም ወይራ የማይታይበት ብዙው ነው። በአዲስ አበባ መካከል አራዳ ዙሪያ እንኳ ቀድሞ ቢርቢርሳ ይባል ነበር። በቅድመ አያቶቹ ቋንቋ ለየዛፉ ስም ያለው፣ ሸንጎውን በዋርካ ጥላ ሥር የሚያካሂድ ሕዝብ ደኑን እንደ ጠላት ይመለከት ነበር ብሎ ማሰብ አይቻልም። ማረፊያም፣ የደረቅ ወራት ግጦሽም፣ የማገዶና የቤት እንጨትም፣ ምንጭም ነበረ። ይህ የኔ ግምገማ ነው፤ በዐዋጅ የተጻፈ ማስረጃ የለውም፤ ሊኖረውም አይችልም፤ በሥራ የተጠበቀ ነገር ዐዋጅ አያስፈልገውምና። ግን ከቆመው ዛፍ የበለጠ ማስረጃ ምን አለ?

ዛፉ ራሱ ስለ ትውፊቱ ምን ይመሰክራል የሚል ጥያቄ ተማሪዎቼ ዘወትር ያነሣሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የሐበሻ ጽድ ብርሃን ወዳድ ዛፍ ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጥላ ሥር ችግኙ አያድግም፤ ስለዚህ በታላላቅ ጽዶች ሥር ሄዳችሁ የጽድ ልጆችን ብትፈልጉ እምብዛም አታገኙም። ችግኙ የሚበቅለው ቦታ ሲከፈት ነው፦ እሳት ሲያልፍ፣ ዛፍ ሲወድቅ፣ የታረሰ መሬት ሲተው። በዚህ ጊዜ ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ይበትኑታል፤ በአንድ ዘመንም ተመሳሳይ ዕድሜ ያላቸው ብዙ ጽዶች አብረው ይነሣሉ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ በንጉሥ ትእዛዝ የተተከለ ደንና ከእሳት በኋላ በራሱ የበቀለ ደን ከ500 ዓመት በኋላ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ሁለቱም እኩያሞች ናቸው።

ዕድሜያቸውን ቆጥሮ መፍታት አይቻልም ወይ? ጉልህ የዝናብ ወቅት በዓመት አንድ ጊዜ በሚመጣበት ደጋ ላይ ጽድ የዓመት ቀለበት ይሠራል፤ ስለዚህ በመርሕ ደረጃ ይቻላል። ችግሩ ሌላ ነው። ያረጀ ጽድ ልቡ ይበሰብሳል፤ ልብ የሚበላ የፈንገስ ዓይነት አለ፤ ውጭው ጤነኛ፣ ውስጡ ቀፎ ይሆናል። ማንበብ የምንፈልገው የመጀመሪያው ገጽ፣ የተወለደበት ዓመት፣ ቀድሞ የጠፋው እሱ ነው። ደኑ ምስጢሩን የያዘው በዚህ መንገድ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔ በዚህ ብዙም አልከፋም።

ወደ ምኒልክ ዘመን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከትውፊት ወጥቶ የማገዶ ጥያቄ ይሆናል። የሸዋ መናገሻዎች ተንቀሳቃሽ የነበሩበት አንዱ ምክንያት እንጨት ነው። ሠራዊቱና ቤተ መንግሥቱ አንድ ቦታ ሲቀመጡ በዙሪያው ያለው ዛፍ በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ ከዚያ ድንኳን ይነቀላል። አዲስ አበባም በተቆረቆረች በ15 ዓመት ውስጥ ይኸው ዕጣ ደርሷት ነበር፤ ምኒልክ በ1900 ገደማ በምዕራብ አዲስ ዓለምን መቆርቆር የጀመሩት እንጨት ባለበት አካባቢ አዲስ መናገሻ ለማድረግ አስበው ነው። በኋላ ሐሳቡ ቀርቶ፣ ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሕንጻ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን በቦታዋ ያስቀራት በ1890ዎቹ አጋማሽ ከአውስትራሊያ ምድር የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ተቆርጦም ከጉቶው ያቆጠቁጣል።

ባሕር ዛፍን ዛሬ መስደብ ቀላል ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ በሥሩ ሌላ አያበቅልም ይባላል፤ ከዚህም ውስጥ እውነት አለበት። እኔ ግን ወጨጫ ላይ ለቆመው ጽድ ከየትኛውም ዐዋጅ ይልቅ ባሕር ዛፍ ውለታ ውሎለታል ብዬ አምናለሁ። ከተማይቱ ማገዶዋን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ባታገኝ ኖሮ፣ ከ40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ያለ ጥብቅ ደን በዘበኛ ብቻ ይቆም ነበር? ያንን ባሕር ዛፍ በጀርባቸው አዝለው ከእንጦጦ ቁልቁል የወረዱት እናቶች ደግሞ ስለዚህ ውለታ ማንም ያመሰገናቸው የለም።

የ20ኛውን መቶ ዘመን በአጭሩ ላልፈው እፈልጋለሁ፤ ታሪኩ ስለማይጠቅም ሳይሆን በሌሎች ደኖቻችንም ላይ የደረሰው ተመሳሳይ ስለሆነ ነው። መሰንጠቂያ ገባ፤ ትልልቆቹ ጽዶችና ዝግባዎች ወደ ሳንቃ ተለወጡ። ጽድ ምስጥ አይበላውም፤ ለምሰሶ፣ ለአጥር፣ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ የተመረጠ ነው፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከዚሁ ዛፍ እርሳስ ይሠራ ነበር። በተቆረጠው ቦታ አንዳንዱ ላይ የፈረንጅ ጽድ፣ ባሕር ዛፍና ሌላም የውጭ ዝርያ ተተከለ። በ1975 የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ በ1980 የደንና የዱር አራዊት ጥበቃና ልማት ዐዋጅ ወጣ፤ በ1991 የመንግሥት ለውጥ በመጣ ጊዜ ጠባቂ ያጡ ደኖች በብዙ የአገሪቱ ክፍል ተመነጠሩ። በ2009 የኦሮሚያ ደንና ዱር እንስሳት ድርጅት ሲቋቋም ሱባ በእርሱ አስተዳደር ሥር ገባ። በ2018 የወጣው የደን ዐዋጅ ደግሞ የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት በሕግ አወቀ።

እዚህ ላይ አንድ ጣልቃ ነገር ልናገር። «በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ 40 በመቶ የሚሆነው የኢትዮጵያ መሬት በደን የተሸፈነ ነበር» የሚለውን አባባል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልሰማ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ ብዬ አላምንም። ጄምስ ማካን የተባለው የታሪክ ምሁር በ1999 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ቁጥር ጽኑ መሠረት እንደሌለው አሳይቷል። አባባሉ ለምን ይጎዳል? ሁሉም ነገር በአንድ ትውልድ ገበሬ ጥፋት እንደ ወደመ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው። ከላይ እንዳየነው የወጨጫ ደን ገበሬው ብቻውን በነበረበት ዘመን ቆሟል፤ ሳንቃ የሆነው መሰንጠቂያ በገባበት ዘመን ነው።

እንግዲህ ወደ ዛሬው ጎብኚ እንምጣ። ከመቶ ዓመት በፊት በዚህ ደን ለደስታ የሚገባ ሰው ቢኖር አዳኝ መኳንንት ነበር። ዛሬ በየሳምንቱ መጨረሻ ከከተማ በአውቶቡስ ተሰባስበው የሚመጡ የእግር ተጓዦች አሉ፤ ድንኳን ይዘው የሚያድሩ አሉ፤ ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ የሚመጡ አሉ፤ የእኛም ተማሪዎች የዛፍ ስም ለማጥናት ይሄዳሉ። እኔ ለሚሄድ ሰው የምመክረውን ልናገር።

ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀበላችሁ የተተከለው ደን ነው። በመሥመር የቆመ፣ ጸጥ ያለ፣ በሥሩ ደረቅ ቅጠል ብቻ ያለበት። ብዙ ሰው እዚህ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ምግቡን በልቶ ይመለሳል። እባካችሁ እዚያ አትቅሩ። ጥቂት ስትወጡ መሥመሩ ይጠፋል፤ መሬቱ ይለመልማል፤ ድምፅ ይጀምራል። ለዚህ ለውጥ ጆሯችሁን ስጡት፤ በዓይን ከማየታችሁ በፊት ትሰሙታላችሁ። አረንጓዴ ላባ፣ ነጭ ጉንጭ ያለው ቱራኮ በቅርንጫፍ ላይ እንደ ሽኮኮ ይሮጣል፤ ሲበር ክንፉን ሲገልጠው ግን ውስጡ ደማቅ ቀይ ነው። ጉሬዛዎች ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ነጭ ካባቸውን ዘርግተው ቅጠል ይበላሉ፤ እጃቸውን በመነጽር ብታዩት አውራ ጣት የለውም፤ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ለሚወረወር እንስሳ ትርፍ ነውና። በማለዳ በዝምታ ከሄዳችሁ የምኒልክ ድኩላን ታገኙት ይሆናል። ወንዱ ወደ ጥቁር የሚያደላ ነው፤ በጥላው ውስጥ ሲቆም ጉቶ ይመስላል፤ ጉቶው ሲንቀሳቀስ ነው የምታውቁት። በቡድን ሆነው ድምፅ ማጉያ ይዘው የሚሄዱ ግን እነዚህን አንዱንም አያዩም፤ ተመልሰውም «አውሬ የለም» ይላሉ።

ጫፉ ድረስ ለመውጣት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። ማልዳችሁ ተነሡ፤ ቀኑ ሳይመሽ ለመመለስ የሚበቃ ሰዓት ያዙ። ከኅዳር እስከ ጥር ሰማዩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱ ከላይ ውርጭ ያመጣል፤ በድንኳን የሚያድር ይህንን አይናቅ። ሰማይ ከጠራ ከዳሞቻ ላይ በምሥራቅ አዲስ አበባን፣ በሩቁ ደግሞ የዝቋላን ክብ ራስ ማየት ይቻላል። በመስከረም የደኑ ጠርዝ በአደይ ቢጫ ይሆናል፤ መሬቱ ግን ገና አልጠነከረም። በክረምት አፈሩ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ከዚህም የከፋው፣ ሰው ጭቃውን ለመሸሽ ከመንገዱ ዳር ዳር ሲረግጥ መንገዱ ይሰፋል፤ የሰፋው መንገድ ጎርፍ ይቀበላል፤ በሁለት ክረምት ቦይ ይሆናል። ከወጨጫ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው፤ የተሸረሸረው አፈርም እንዲሁ። ስለዚህ በክረምት መሄድ ያለበት ሰው ጭቃውን ረግጦ በመንገዱ መካከል ይሂድ፤ ጫማ ይታጠባል። ደግሞም ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰው መጠየቅ፣ የአካባቢ መሪ መያዝም ተገቢ ነው።

ስለ እሳት አንድ ቃል ብቻ። በ2000 በባሌና በቦረና ደኖች የተነሣው ቃጠሎ ለሳምንታት ሳይጠፋ መቆየቱን በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሳላችሁ። ጽድ ዘይት ያለው ዛፍ ነው፤ የዛፍ ሽበቱ በበጋ እንደ ጭድ ይደርቃል። ቡና ለማፍላት በየዛፉ ሥር እሳት መለኮስ በዚህ ደን ውስጥ ይቅር። ቡናው በፔርሙዝ ይምጣ።

እስካሁን የተናገርሁት ቀላሉን ነው። ከባዱ ይህ ነው። በደኑ ውስጥ በእግር ጉዞ የምንደሰተው እኛ የከተማ ሰዎች ነን፤ ደኑ በመጠበቁ የሚያጣው ግን ጎረቤቱ ነው። ከብቱን እንዳያስገባ የሚከለከለው፣ ማገዶ ስትለቅም የምትያዘው፣ አዝመራውን ከርከሮና ዝንጀሮ የሚበላበት እሱና እሷ ናቸው። ከጎብኚ የሚሰበሰበው የመግቢያ ገንዘብ በመዝገብ ይገባል፤ በከርከሮ የተበላ ድንች ግን በየትም መዝገብ አይጻፍም። «ጥብቅ» የሚለውን ቃል ልብ በሉት፤ ለአንዱ የተጠበቀ ማለት ነው፤ ለሌላው የጠበቀ፣ የተዘጋ ማለት ነው። ያው ደን ነው፤ ያው ቃል ነው።

አንዳንድ ባልደረቦቼ መፍትሔው ፈጽሞ መዝጋት ነው ይላሉ። ከአጥር ውስጥ እግር ካልገባ ደኑ ራሱን ይጠግናል የሚል ነው ክርክራቸው። ለዝግባና ለብዙ ጥላ ቻይ ዛፎች ይህ ሊሠራ ይችላል። ለጽድ ግን እጠራጠራለሁ፤ ብርሃን ካልተከፈተለት ልጁ አይበቅልምና። እሳት የለም፣ የሚወድቀው ዛፍ ጥቂት ነው፣ በሚከፈተው ቦታ ላይ ደግሞ ከብት ሳይጠበቅ ከገባ የበቀለችውን ችግኝ ይረግጣታል። አያቶቹ ጽዶች ይቆማሉ፤ ወራሽ ግን የላቸውም። ሲወድቁ ቦታቸውን ሌላ ዛፍ ይይዘዋል፤ ደኑ ደን ሆኖ ይቀጥላል፤ የጽድ ደን ግን አይሆንም። ስለዚህ ፈጽሞ የተዘጋ በርም፣ ፈጽሞ የተከፈተ በርም ጽዱን አያድነውም። የሚያድነው ሥራ ነው፦ ክፍት ቦታዎችን መርጦ ለጥቂት ዓመታት ማጠር፣ ችግኙን ከእግርና ከከብት መጠበቅ፣ ለዚህም ሥራ ደመወዙን ለጎረቤቱ መክፈል። የዘርዐ ያዕቆብ ትውፊት እውነት ከሆነ ንጉሡ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ዘር አስመጡ፣ ሰው አሰማሩ። እውነት ካልሆነም ትውፊቱን የፈጠረው ሕዝብ ደን በሥራ እንደሚቆም ያውቅ ነበር ማለት ነው።

የጎብኚው ገንዘብ ለዚህ መዋል አለበት ብዬ እከራከራለሁ። ከመግቢያው የሚገኘው ገቢ የተወሰነ ድርሻው በስም ታውቆ በዙሪያው ላሉት ቀበሌዎች ይሰጥ፤ መሪዎቹ፣ በቅሎና ፈረስ አከራዮቹ፣ ቆሎና እርጎ ሻጮቹ ከዚያው ይሁኑ፤ ሕጉ ለዚህ ከ2018 ጀምሮ በር ከፍቷል። አሁን ያለው ግንኙነት ምን እንደሚመስል ለማየት በደኑ በር ላይ ጥቂት መቆም ይበቃል። እኛ በአንድ በኩል ቦርሳችንን አዝለን እንገባለን፤ በሌላ በኩል አንዲት ሴት ጭራሮ ተሸክማ ትወጣለች፤ ዘበኛው እኛን «እንኳን ደህና መጣችሁ» ይለናል፤ እሷን ጭነቷን አስወርዶ ይፈትሻታል።

በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ሱባ ስትሄዱ አንድ የቤት ሥራ እሰጣችኋለሁ፤ ለተማሪዎቼ ነው ያልሁት፤ ሌሎቻችሁም ብትሠሩት አልከለክልም። ከመካከለኛው ከፍታ ላይ፣ ዛፍ የወደቀበትና ፀሐይ እስከ መሬት የምትገባበት አንድ ክፍት ቦታ ፈልጉ። ተንበርክካችሁ ከጉልበት በታች ያሉ የጽድ ችግኞችን ቁጠሩ። የፈረንጅ ጽድ ከመትከያው ዘሩን በነፋስ እየላከ ስለሚበቅል አንዱን በሌላው አታሳስቱ፤ የፍሬውን ልዩነት ከጎን ካሉት ትልልቅ ዛፎች ተመልከቱ፦ የሐበሻው ጽድ ፍሬ ትንሽ፣ ለስላሳና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው፤ የፈረንጁ ደረቅና እንጨታማ ነው። ቁጥሩን፣ ቀኑንና ከፍታውን ጽፋችሁ አምጡልኝ፤ በዚህ ክፍል ግድግዳ ላይ በሰቀልነው ካርታ ላይ እናሰፍረዋለን። ዜሮም ቢሆን ጻፉ።

ስለ መንገዱ፣ ስለ ወቅቱና ስለ ዛፎቹ ጥያቄ ያላችሁ አሁን መቀበል እችላለሁ።